የዋሴ ፊት

ዋሴ በዚያ የጥቅምት ጠዋት የነቃው የራሱ ስም ሲነሳ ሰምቶ ነው። የሚተኛባትን ጓዳ ከእህቱ ከብርቄና ከባሏ ከአቶ ተክለሃይማኖት መኝታ የሚለያት በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ ነበር፤ ምርጊቱ በክረምቱ እርጥበት ስለተሰነጣጠቀ ወዲያ ማዶ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ እዚህ አጠገቡ የተቀመጠ ይመስላል። አቶ ተክለሃይማኖት በወረዳው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነው ወሬ የሚቀናው፤ ቃሉ ከውሃው ጋር እየተንቦጫረቀ ይወጣል።

«ዳኛው ሌላ ሰው ይቀጠር ብለው ነበር፤ እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ» ይላል። «በር ላይ የሚቆም እንደ ዋሴ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ባለጉዳይ ሁሉ እሱን አይቶ፣ ስቆ፣ ተጽናንቶ ነው የሚመለስ። ይኸው ስንት ዓመት ሲመላለሱ፣ ደብረ ታቦር ወጥቼ አቤት እላለሁ ያለ አንድ ሰው አለ? ያቺ የማንጠግቦሽ መዝገብ ከካቻምና ግንቦት ጀምሮ ሳጥኔ ውስጥ ነው የተኛች። ምስክሩ ተሰምቷል፣ ነገሩ አልቋል፣ የቀረው ውሳኔ ብቻ ነው። ባላምባራስ መሬቱን እንደያዙ ይቆዩ ተባብለን ከዳኛው ጋር ተነጋግረናል። ሴትዮዋ በመጣች ቁጥር ዋሴ ‹በሚቀጥለው ቀጠሮ ያልቃል› ይላታል፤ እሷም አምና ትሄዳለች። እሱ ባይኖር ይኼኔ ጃንሆይ እግር ላይ ወድቃ ነበር።»

«እሱ ያውቃል?» አለች ብርቄ።

«ምኑን ያውቃል! ቢያውቅማ እንዲያ ይስቃል?»

ዋሴ መደቡ ላይ ቀና እንዳለ የእህቱን ድምፅ ጠበቀ። ብርቄ ምላሷ የማይታሰር ሴት ናት፤ በገበያ አንዲት ቁና ጎደለች ብላ ግማሽ ቀን የምትሟገት፣ ጎረቤት ልጁን አጥብቆ ቢገርፍ አጥር ተሻግራ የምትቆጣ። እናታቸው ሞታ እሱ በሰባት ዓመቱ እጇ ላይ ከወደቀ ጀምሮ ማንም ክፉ ቃል ሲናገረው ዝም ብላ አታውቅም። ጠበቀ። ውሃው ከቅሉ ወደ ገበቴው ሲወርድ ሰማ፤ ትንሿ ልጅ በእንቅልፏ ስታጉረመርም ሰማ። ቆይታ ቆይታ «ውሃው ይቀዘቅዝብዎታል» አለች እህቱ። ሌላ አልጨመረችም።

ዋሴ ተመልሶ ጋደም አለና የሰማውን ለማሳመር ሞከረ። ልማዱ ነው። ዝናብ ሲጠፋ «ደመናው ራቅ ብሎ እየተሰበሰበ ነው» የሚል፣ የታመመ ሲያይ «የዛሬው ፊቱ ከትናንቱ ይሻላል» የሚል ሰው ነው። ጋሼ መዝገቡን ሳጥን ውስጥ ያኖረው አይጥ እንዳይበላው ይሆናል አለ በልቡ። ከዳኛው ጋር ተነጋገርን ያለውም ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ደህና ትርጉም ፈለገለት፤ አገኘለትም። የእህቱን ዝምታ ግን ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ቸገረው።

ቁርስ ላይ አምስቱ ልጆች የገብስ ቂጣውን ሲሻሙ፣ አቶ ተክለሃይማኖት ስለ ገበያው ያወራል። ገብስ ቁናው ስሙኒ ገብቷል፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ደግሞ ይጨምራል፤ ልጆቹ ጫማ ይፈልጋሉ፣ ጣራውም ቆርቆሮ ይፈልጋል። ዋሴን «ምነው ዛሬ ዝም አልክ? የሳቅ ማሰሮህ ተሰበረ?» አለውና ራሱ ሳቀ። ዋሴም ሳቀ። መሳቁን የተገነዘበው ከሳቀ በኋላ ነው። ብርቄ ሻዩን ስትቀዳለት ዓይኗን ከብርጭቆው አላነሳችም፤ ስኳሩን ግን ከወትሮው አበዛችለት።

ደስተኛ ሆኖ መፈጠሩን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራ የሚመጥነው አልተገኘም እንጂ። በልጅነቱ ዜማ እንዲማር ቤተ ልሔም ደብር ተልኮ ነበር፤ መሪጌታው ድምፁን ወደዱለት፣ ነገር ግን ስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ሲሰግድና ሲያለቅስ የእሱ ፊት ፈክቶ ቢያዩት ጊዜ «ይህ ልጅ ለፋሲካ እንጂ ለሕማማት አልተፈጠረም» ብለው በትህትና መለሱት። ከጨው ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ፤ ገዢ መጥቶ ዋጋው ከበደኝ ሲል «አይዞህ፣ ሳምንት ይረክሳል» እያለ ስለሚሸኘው ነጋዴው በወሩ አሰናበተው። የወህኒ ቤት ዘበኛ ሆኖ ደግሞ እስረኛውን ሁሉ ለጥምቀት ትፈታለህ እያለ ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያ ነው አቶ ተክለሃይማኖት ወደ ችሎቱ በር ያመጣው፤ ስም እንዲጠራ፣ ሰው እንዲያስገባና እንዲያስወጣ፣ ጠዋት መዝገብ ቤቱን እንዲጠርግ። በሳምንቱ ሰው ሁሉ «ሥራና ሰው ተገናኙ» አለ። ዋሴም እንዲያ ይመስለው ነበር። ከሩቅ አገር፣ ከወገዳ በኩል ሳይቀር፣ ሌሊት ተነስተው በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች፣ ፊታቸው በነገር የጠቆረ፣ እሱን ሲያዩ ፊታቸው ሲፈታ ማየት እንደ ደመወዝ ይቆጥረው ነበር። አራት ዓመቱ ነው።

መንገድ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ። አቶ ተክለሃይማኖት ከቢሮው በር ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ቀለሙንና ማኅተሙን እንዲያወጣለት የሳጥኑን ቁልፍ ሰጠውና ዳኛውን ሊቀበል ወጣ። መዝገብ ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ፣ የአቧራና የአይጥ ሽንት ሽታ፣ እስከ ጣራው የተቆለሉ በገመድ የታሰሩ ወረቀቶች። ዋሴ ቀለሙን አወጣ፣ ማኅተሙን አወጣ፣ እንደ ወትሮው ሊዘጋው ነበር። ከዚያ እጁን እስከ ታች ሰደደ። መዝገቡ ከሁሉ በታች ነበር፤ ንጹሕ፣ አይጥም ያልነካው። ንባብ ከቤተ ልሔም የቀረለት ብቸኛ ትርፍ ስለሆነ የሴትዮዋን ስም ወዲያው ለየው። ውስጡ በአራት የታጠፈ ወረቀት ተቀምጧል፣ በሰማያዊ ክር የታሰረ።

ያንን ወረቀት ያውቀዋል። አምና በዐቢይ ጾም እመት ማንጠግቦሽ ራብ እያንገላታት መጥታ፣ ለደብረ ታቦር አውራጃ ፍርድ ቤት ያጻፈችውን አቤቱታ በእጁ የሰጠችው ለእሱ ነው። ክሩን ከቀሚሷ ዘርፍ መዝዛ ያሰረችውም በፊቱ ነው። እሱ ደግሞ ለጋሼ ሰጠው፤ ጋሼ «በመንግሥት ፖስታ ነገ ይሄዳል» አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትጠይቀው «ሄዷል እኮ!» አላት። በሌላው ቀጠሮ «መልሱ እየመጣ ነው» አላት። መልሱ እየመጣ ነው ያለው ማንም ነግሮት አይደለም፤ እንዲያ ሲላት ደስ ስለሚላት ነው። አሁን ክሩ ሳይፈታ ይኸው። ዋሴ ክሩን እያየ እዚያው ተንበረከከ። ለዚህኛው ደህና ትርጉም ፈለገ፤ አጣለት። ወረቀቱን በኪሱ ከተተ፤ መዝገቡን ወደ ቦታው መለሰ፤ ሳጥኑን ቆለፈ።

በሦስት ሰዓት ግቢው ሞላ። የገበያ ቀን ስለነበረ ግማሹ ባለጉዳይ በግ እየጎተተ፣ ግማሹ እንስራ ተሸክሞ ነው የመጣ። ሰዎቹ በሩ ላይ ያለውን ሰው እንደ ደጀ ሰላም ተሳልመው ነው የሚያልፉ። «ዋሴዋ፣ እንዴት ነው የዛሬው?» ይሉታል፤ እሱም መልስ ሳይሰጥ ፊቱ ይመልስላቸዋል። ዛሬ ፊቱን ሊከለክለው ሞከረ። ቅንድቡን ቋጠረ፣ ከንፈሩን ገጠመ። አንድ የወሰን ጉዳይ ያለበት ሽማግሌ ቀርቦ «ምን ሆንክ ልጄ፣ ጥርስህን አመመህ?» ብሎ ቢጠይቀው ጊዜ ሳቁ አመለጠው፤ ሽማግሌውም ደስ ብሎት ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጣ፤ ለየካቲት ተቀጥሯል። «እንደ ፊትህ ያድርገው» ብሎት ሄደ። ዋሴ የሽማግሌውን ጀርባ እያየ፣ የእሱስ መዝገብ በየትኛው ሳጥን ይሆን የተኛ አለ በሆዱ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ስም ሲጠራ ድምፁ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ መሰለው።

እመት ማንጠግቦሽ አምስት ሰዓት ላይ ተጠራች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት፤ ነጠላዋን እንደ ወንድ ትከሻዋ ላይ ጥላ በትር ይዛ ትሄዳለች። ባሏ ከሞተ በኋላ የባሏ ወንድም ባላምባራስ ካሳ መሬቱን ጠቅልሎ ያዘባት፤ እሷ ልጅ የላትም። ስታልፍ እንደ ሁልጊዜው በጨርቅ የተቋጠረ የሽምብራ ቆሎ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ገብታ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ዳኛው ቀና ብለው ሳያዩ «ለጥር ሃያ» ብለው ነበር ያሰናበቷት።

«ጥር ሩቅ አይደለም» አለች በሩ ላይ ቆማ። ይህን ያለችው እሱን ለማጽናናት እንጂ ለራሷ አልነበረም፤ አገላለጧ ሁሉ ከእሱ የተማረችው ነበር። «እህሉ ይሰበሰባል፣ ገና ያልፋል፣ ጥምቀት ያልፋል፣ ከዚያ ጥር ሃያ ነው። አይደለም ዋሴዋ?»

ዋሴ አፉን ከፈተ፤ «አዎ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዋጠው። «እመት ማንጠግቦሽ፣ እንዳይሄዱ» አላት። «ለምሳ ስንነሳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ፣ ከወይራው ሥር ይጠብቁኝ። የምነግርዎ አለ።»

«ደግ ነገር ነው እንግዲህ!» አለችና እየተቻኮለች ወረደች።

ስድስት ሰዓት ላይ ችሎቱ ሲነሳ ግን በቀጥታ ወደ ወይራው አልሄደም። እግሩ ወደ ካሣነሽ ጠላ ቤት ወሰደው። ፈርቶ ነው። ደግሞም አንድ ሐሳብ መጥቶለት ነበር፤ ይህን ሥራ ትቶ ሌላ ቢያገኝ፣ ለማንም ምንም ሳይናገር ከበሩ ቢነሳ፣ ነገሩ ሁሉ በራሱ የሚስተካከል መሰለው። ካሣነሽ ቤት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቀለመ ወርቅ የሚባል ደላላ አርፏል፤ ወደ ሰቲት ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ ሰዎችን ይመለምላል። ካኪ ኮት የለበሰ፣ ፊቱ በቆላ ፀሐይ የተጠበሰ፣ ሲናገር ሰውን በትከሻው የሚይዝ ሰው ነው። ቤቷ ጨለም ያለች፣ በቄጤማ የተጎዘጎዘች፣ ግድግዳዋ ላይ ጋዜጣ የተለጠፈባት ናት። አምስት ስድስት ገበሬዎች መደቡ ላይ ተደርድረው ጠላ በጣሳ ይዘው፣ ለመውረድም ላለመውረድም ሳይቆርጡ ዝም ብለው ይሰሙታል። ዋሴ ሲገባ ሁሉም ፊታቸው በራ፤ ተነስተው ቦታ ለቀቁለት። ደላላው ይህን አየ። ዓይኑን ከዋሴ ወደ ገበሬዎቹ፣ ከገበሬዎቹ ወደ ዋሴ አመላለሰና ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደው።

«አንተን የመሰለ ሰው ስፈልግ ነው የከረምኩ» አለው። «ሥራህ መሳቅ ነው። እኔ ስናገር አጠገቤ ቆመህ ትስቃለህ፤ ሲጠይቁህ መልካም ነው ትላለህ። በየገበያው ከእኔ ጋር ትዞራለህ፤ አርብ ገበያ፣ ከዚያ ወገዳ፣ ከዚያ እስቴ። ከዚያ ከፍርድ ቤቱ በር ከምታገኛት ሦስት እጥፍ እሰጥሃለሁ።»

ዋሴን ደስታ ሽው አለበት። መዞር፣ ሰው ማግኘት፣ አገር ማየት! ለዚህ ነው የተፈጠርኩት አለ። «ምን ይጠይቁኛል?» አለ።

«ያው ነው። ቆላው ወባ የለበትም ወይ ይሉሃል። የለም ትላለህ።»

«የለም እንዴ?»

«የት የሌለበት አለ? አንተ የለም በል።»

«አምና ከዚህ ወረዳ ስንት ሰው ወረደ?»

«ሰባ ይሆናል።»

«ስንቱ ተመለሰ?»

ቀለመ ወርቅ ጣሳውን አነሳና እስከ ታች ጠጣ፤ አፉን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። «የተመለሱት ተመልሰዋል» አለ።

መደቡ ላይ ያሉት ሰዎች ንግግሩ ሳይሰማቸው የዋሴን ፊት ብቻ ያያሉ። አንዱ፣ ገና ጢም ያላወጣ ቀይ ጎረምሳ፣ አብሮት የመጣውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ ወደ ዋሴ በአገጩ አመለከተው፤ «ዋሴም ሊወርድ ነው፣ እንግዲያው ደህና ነው» እንደማለት። ዋሴ ያንን ምልክት ሲያይ ደላላውን ሳይሰናበት ተነሳ። ካሣነሽ የቀዳችለት ጠላ ሳይነካ መደቡ ላይ ቀረ። ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመና የሚሄድበት ጠፋው። ከገበያው የበግ ጩኸትና የሰው ጫጫታ ይመጣል፤ ሰዎች ሲያልፉ በስሙ ይጠሩታል፣ ሰላም ይሉታል። ሁሉም ወዳጁ ነው። የትም ቢሄድ ይህን ፊት ተሸክሞ ነው የሚሄድ፤ ሄዶ የሚቀጠርበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የሚፈልጉት እሱን ሳይሆን ይህንኑ ፊቱን ነው።

እመት ማንጠግቦሽ ከወይራው ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ዳቦዋን በልታ ጨርሳ ነበር። ሲመጣ አይታ ለመቀመጫው ድንጋይ በእጇ ጠረገችለት።

«መዝገብዎ አይታይም» አላት ቆሞ። መቀመጥ አልቻለም። «ጥር ቢመጡም አይታይም። ጋሼ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ዳኛውም ያውቃሉ። ባላምባራስ እንደያዙ ይቆዩ ተባብለዋል።»

እመት ማንጠግቦሽ ሳቀች። በመዳፏ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ዛሬ ደግሞ በዚህ ልታስቀኝ ነው ያስቀመጥከኝ? አይ ዋሴ!»

ያን ጊዜ ነው ፊቱ አሁንም እየሳቀ መሆኑን ያወቀው። የሚናገረው ሌላ፣ ፊቱ ሌላ። ጉንጩን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘ፤ ሴትዮዋ ይበልጥ ሳቀች። ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። ማንበብ አታውቅም፤ ክሩን ግን ታውቀዋለች። ጣቷን በሰማያዊው ክር ላይ አሳለፈች፤ ከዚያ የቀሚሷን ዘርፍ፣ ክሩ የተመዘዘበትን ቦታ፣ ዳሰሰች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። በአጥሩ ውስጥ አንድ ቄስ የሆነ ነገር እያነበነበ አለፈ፤ ክሩን እንደያዘች አሳለፈችው።

«ሄዷል ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«መልሱ እየመጣ ነው ያልከኝስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«ደስ እንዲልዎ ብዬ።»

«ደስማ ብሎኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልከረረም፤ ቢከርርለት በወደደ ነበር። «ደስ ብሎኝ ስመላለስ ሐምሌ ላይ ቤቴን አፈረሱት። ማገሩን ወስደው ለላሞቻቸው በረት ሠሩበት። ሰዎች ደብረ ታቦር ውጪ፣ አቤት በይ ሲሉኝ፣ ኧረ መልሱ እየመጣ ነው፣ ዋሴ ነግሮኛል እያልኩ ተከራከርኳቸው። ለአንተ ተከራከርኩልህ።» ወረቀቱን አጣጥፋ በብብቷ ከተተችው፤ በትሯን ተደግፋ ተነሳች። «አሁን ሰባት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ፈጥነን ከሄድን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤተ ልሔም እንደርሳለን፤ እዚያ አድረን፣ ማለዳ ተነስተን ደብረ ታቦር እንወጣለን። ለእኔ የነገርከኝን እዚያ ለዳኞቹ ትናገራለህ።»

«የእህቴ ባል ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የምበላ ከቤቱ ነው። አምስት ልጆች አሉ።»

«እኔስ ከማን ቤት የምበላ መሰለህ?» አለች። «ከሰው ቤት ነው። አንድ ሳምንት ከአንዱ፣ አንድ ሳምንት ከሌላው። ጋቢህን ይዘህ ና፤ ቆላ አይደለም የምንሄድ። ከመንገዱ መውጫ እጠብቅሃለሁ።»

«እመጣለሁ» አለ ዋሴ።

ቃሉ ከአፉ የወጣው ቀልሎ፣ ሞቆ፣ እንደ ሁልጊዜው አምሮ ነው። ያው «ያልቃል»፣ ያው «ሄዷል» ያለበት ድምፅ ነው። ራሱም ሰማው። እሷም ሰማችው፤ ፊቱን አየችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወረደች።

ወደ ቤት የሚያስኬደው መንገድ በፍርድ ቤቱ ግቢ በኩል ነው። ከሰዓት በኋላው ችሎት ሊጀመር ሰው ተሰብስቧል። አቶ ተክለሃይማኖት በመዝገብ ቤቱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዋሴ! የት ጠፋህ? ና ሰው ጥራልኝ!» ሲል ሰማው። «መጣሁ ጋሼ!» ብሎ መለሰ ዋሴ፤ እጁንም አወዛወዘለት። መልሱ ሳያስበው ነው የወጣው። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ሊያሳልፉት ግራና ቀኝ ተከፈሉ። አንድ እርምጃ ወደዚያ ሄደ። የሽማግሌዎቹንና የሴቶቹን ፊት አየ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሯል፣ ሁሉም ይጠብቃል። ከዚያ በግቢው ጥግ በተቀደደው አጥር ሾልኮ ወጣ።

ብርቄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስንዴ በሰፌድ ትለቅማለች። ጓዳ ገብቶ ጋቢውንና በትሩን ይዞ ሲወጣ እንክርዳዱን የያዙት ጣቶቿ ባሉበት ቀሩ። ጋቢውን አየች፣ በትሩን አየች፤ በዚህ ሰዓት ከበሩ ላይ መገኘት እንዳለበት ታውቃለች።

«ሰምተኻል» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

ትንሿ ልጅ ከጓሮ መጥታ እግሩን አቀፈችው፤ ብርቄ «ሂጂ ዶሮዎቹን ከእህሉ ከልክያቸው» ብላ ላከቻት። ብርቄ አንዲት ጠጠር ከስንዴው አውጥታ ወደ ግቢው ወረወረች፤ ሌላ ጠጠር ፈለገች፣ አላገኘችም።

«ምን ልለው ነበር?» አለች። «ተው ብለው ይተዋል? ይህን ጎጆ አይተኸዋል። እነዚህን ልጆች አይተሃቸዋል። እኔ ያላየሁት ነገር ያለ ይመስልሃል? ማርና ቅቤው ከየት እንደሚመጣ የማላውቅ ይመስልሃል? ዝም ያልኩት ላንተም ብዬ ነው። ሌላ የት ትሠራለህ?»

«አውቃለሁ እታለም።»

«ደብረ ታቦር ነው?»

«ደብረ ታቦር ነው።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ዋሴ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ልታለቅስ ስትል ነው። እናታቸው ስትቀበር፣ የመጀመሪያ ልጇ በኩፍኝ ሲሞትባት፣ ባለፈው ዓመት ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ ሁልጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አይዞሽ፣ ደህና ይሆናል» የሚላት እሱ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ሳለም ነበር የሚላት። እሷም ሁልጊዜ ታምነው ነበር፤ ወይም የምታምነው ትመስል ነበር።

«እንግዲህ ምን ልንሆን ነው ዋሴ?» አለች። ቀና ብላ አየችው፤ ጠበቀችው።

ቃሉን ያውቀዋል። ሊናገረው ፈለገ፤ ለእሷ ሲል ከምንም ነገር በላይ ሊናገረው ፈለገ። ምላሱን አነቃነቀ። አጥሩን፣ ዶሮዎቹን የምታባርረውን ልጅ፣ ቆርቆሮ የሚጠብቀውን ሣር ክዳን አየ።

«እንጃ እታለም» አለ። «እንጃ።»

ብርቄ ለጥቂት ጊዜ እንደማታውቀው ሰው አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች፤ አላለቀሰችም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስተካክላ ለቀማዋን ቀጠለች። ዋሴ ሊስማት ጎንበስ ቢል ጉንጯን ሰጠችው፤ እጇ ግን ከስንዴው አልተነሳም።

ከመንገዱ መውጫ ሲደርስ እመት ማንጠግቦሽ አልነበረችም። ዙሪያውን ቃኘ፤ ከገበያ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሁለት ሴቶችና የጫኑ አህዮች ብቻ ናቸው። ሴቶቹን ቢጠይቃቸው አንዲት በትር የያዘች ሴት ከቆየች በኋላ ወደ ላይ ስትወጣ እንዳዩ ነገሩት። አልጠበቀችውም። ዋሴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ወርውሮ አቀበቱን በሩጫ ተያያዘው። ሁለት ጥምዝ ካለፈ በኋላ ራቅ ብላ ሳር በሸፈነው ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ስትሄድ አያት። በስሟ ተጣራ። ቆመች፤ ግን አልዞረችም። ትንፋሹ ተቆራርጦ አጠገቧ እስኪደርስ ድረስ መንገዱን እያየች ቆማ ጠበቀችው።

ፊቱን በዓይኗ ፈለገችው። ምን እንዳገኘችበት አልነገረችውም፤ እሱም ፊቱ ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበረ አላወቀም።

«ቅደም» አለችው በበትሯ መንገዱን እያመለከተች። «እኔ ከኋላህ ልሁን።»

ዋሴ ቀደመ። የበትሯን ድምፅ ከኋላው እየሰማ ሄደ፤ ድምፁ ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲፈጥን ይፈጥናል። ለመዞርም ለመናገርም አልደፈረም።